እስኪጠብቅ ድረስ

የመኪና ጎማ ዳዶ ምን ያህል ነው መጥበቅ ያለበት? መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ መልሱ አንድ ነው፦ «እስኪጠብቅ ድረስ ነዋ!» ቀልድ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ የቆዩ ሰዎችም የሚመልሱት ይህንኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጎማው አይወልቅም። ሌላ ዓይነት መልስ የምትሰሙት ቶርክ ሬንች ካለው ሰው ብቻ ነው። እሱ ቁጥር ይነግራችኋል።

እኔ ከቁጥሩ ወገን ነኝ። ግን ምክንያቴ «መሣሪያ ከእጅ ይበልጣል» የሚል አይደለም። እንዲያውም መሣሪያው እንለካበታለን የምንለውን ነገር በቀጥታ እንደማይለካ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዳዶውን የሚያጠብቀው አንድ ሰው ነው፤ መኪናው ውስጥ ልጁን አቅፎ የሚቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሰው በራሱ እጅ መተማመኑ ለሁለተኛው ሰው ምን ያደርግለታል?

መሣሪያውን ላላያችሁት፦ ቶርክ ሬንች ረዘም ያለ እጀታ ያለው መፍቻ ነው። የምትፈልጉትን ልክ እጀታው ላይ ትሞላላችሁ። ስታጠብቁ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፤ ድምፁ ብቻ ሳይሆን መዳፋችሁም ይሰማዋል። በቃ፣ እዚያ ላይ ማቆም ነው። የመሣሪያው ታሪክ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ኮንራድ ባር ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ያስቸገረው ነገር ሠራተኞች የቧንቧ ማያያዣ ቡሎኖችን ከልክ በላይ ማጥበቃቸው ነበር ይባላል። ልብ በሉ፤ መላላት አይደለም፣ መጥበቅ።

ልኩ የሚነገረው በኒውተን ሜትር ነው። አዲስ አበባን ያጥለቀለቃትን ቶዮታ ቪትዝ እንውሰድ። የጎማ ዳዶው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? እስቲ እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ የጎማ መፍቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ 176 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ርዝመቱን እጥፍ ካደረገው ከ350 ያልፋል። እንግዲህ መንገድ ዳር «አንዴ ረገጥ አድርጌልሃለሁ፣ አታስብ» የሚለው ሰው ምን እንዳደረገልን ከዚህ መገመት ይቻላል።

«ቢጠብቅ ምን አለበት?» ለሚል ሰው ትንሽ ስለ ቡሎን ልናገር። አብዛኛው ሰው ቡሎንን እንደ ሚስማር ነው የሚያስበው፤ ጎማውን ወግቶ የያዘ ብረት። ማሽን ዲዛይን የሚባለው ኮርስ ላይ መጀመሪያ የሚያስጥሉን ይህን ሐሳብ ነው። ቡሎን ሞላ ነው። በጣም ጠንካራ ሞላ። ዳዶው ሲዞር ቡሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ተለጥጦ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ከኋላው ካለው ብረት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ጎማውን በቦታው የሚያቆየው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ሞላው በበቂ ካልተለጠጠ ቸርኬው በየጉድጓዱ ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል፤ ዳዶውም እየላላ ይሄዳል። ከልክ በላይ ከተለጠጠ ደግሞ ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል፤ ጥርሱ ይበላል፣ ወይም በሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ሲፈታው፣ «ጧ» ብሎ ይቆረጣል።

የክራር ክር በሉት። ያለመጠን ከላላ አይዘፍንም፣ ያለመጠን ከጠበቀ ይበጠሳል። ልዩነቱ ክራሩ ሲከረር ድምፁ ለባለቤቱ ይናገራል፤ ጆሮ ያለው ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም። ቡሎን ግን እየተጎዳም ዝም ነው። ይህን ዝምታ ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው ገመና። የምንፈልገው የቡሎኑን ውጥረት ነው፤ ቶርክ ሬንቹ የሚለካው ግን ዳዶውን ለማዞር የወጣውን ጉልበት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ዳዶው ሥር ባለው ሰበቃ ይበላል፣ 40 በመቶ ገደማው ደግሞ ጥርሱ ላይ። ቡሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰበቃው ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ያው አንድ ቁጥር የተለያየ ውጥረት ይሰጣል። ቁጥሩን በጥንቃቄ የጠበቀ ሰው እንኳ የውጥረቱ ልክ ወደ ላይም ወደ ታችም በ25 በመቶ ያህል ሊዋዥቅበት ይችላል። ሌላው የተለመደ ነገር ደግሞ አለ፦ ዝገት እንዳይዘው ተብሎ ጥርሱ ላይ ግራሶ ወይም ዘይት መቀባት። ደረቅ ቡሎን ታስቦ የተጻፈን ቁጥር በተቀባ ቡሎን ላይ ብትጠብቁ፣ መሣሪያው በቁጥሩ ላይ «ቀጭ» ይላል፤ ቡሎኑ ግን ከታሰበለት በላይ ተለጥጧል። መሣሪያው አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

እጅ የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ ይህን ካልተናገርኩ ክርክሩን በሽወዳ ማሸነፍ ይሆንብኛል። ዳዶ መጀመሪያ በጣት ነው መግባት ያለበት። ጥርሱ ተዛንፎ ሲገባ የሚሰማን ጣት እንጂ ቶርክ ሬንች አይሰማውም። በቸርኬውና በዲስኩ መካከል ጭቃና ዝገት ሲኖር፣ ዳዶው «እንደ ሊጥ» ሲለሰልስ፣ አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ስሜት ሲሰጥ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው እጅ ነው። መሣሪያ ብቻ ያለው ሰውና እጅ ብቻ ያለው ሰው ቢቀርቡልኝ፣ መኪናዬን ለየትኛው እንደምሰጥ እርግጠኛ አይደለሁም።

«እጄ ያውቃል» ሲባል ከሁሉም በላይ የማምናቸው አጎቴን ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የሞተር ድምፅ በስልክ ሰምተው የታመመውን ቦታ ይናገራሉ። አንድ እሁድ ቤታችን ግቢ ውስጥ ቪትዝ ቆሞ ስለ ቶርክ ሬንች ስንጨቃጨቅ፣ «እስቲ ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ ያጥብቁት» አልኳቸው። አራቱን ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ጋር እያፈራረቁ፣ አጠበቁ። እኔ ዳዶውና ቸርኬው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ዳዶውን ጥቂት አላልቼ፣ መርፌ ባለው ቶርክ ሬንች ወደ መስመሩ መለስኩት። መስመሩ ሲገጥም መርፌው የሚያሳየው የእሳቸውን እጅ ልክ ነው ማለት ነው።

አራቱም 140 አካባቢ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥር አይሞላም።

«አየህ? አራቱም አንድ ናቸው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ አራት ጊዜ፣ ያንኑ ልክ መድገም ቀላል ነገር አይደለም፤ «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው።

«መጽሐፉ ግን 103 ነው የሚለው» አልኳቸው።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው የእኛን መንገድ አይቶታል?»

ሳቅን። መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን ቡሎኑ የሚሸከመውን ጣሪያ የሚወስነው የራሱ ብረት ነው። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ቡሎኑ አይወፍርም። ይህንን ስነግራቸው አጎቴ የመለሱልኝ ነገር ነው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ፦

«ስማ አንተ ልጅ። ጎማዬን አላልተህብኛል ብሎ የተቆጣ ሰው አይቻለሁ። አጥብቀህብኛል ብሎ የመጣ ሰው ግን በሠላሳ ዓመት አላየሁም።»

ለራሳቸው መከላከያ ብለው ያመጡት ይህ አረፍተ ነገር፣ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እጅ የሚማረው ከሚመለስለት ወሬ ነው። የላላ ጎማ ወሬው ቶሎ ይመለሳል፤ በዚያው ሳምንት፣ ከነባለቤቱና ከነቁጣው። የጠበቀ ቡሎን ግን ከዓመት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጎሚስታ እጅ ላይ ይቆረጣል። ያ ጎሚስታ «ዕቃው አሮጌ ነው» ይላል። ዳዶዎቹ ያለ እኩልነት ጠብቀው ዲስኩ ቢዛነፍና ፍሬን ሲያዝ መሪው ቢንቀጠቀጥ «የዲስኩ ጥራት ነው» ይባላል። መንገድ ላይ ጎማ የተነፈሰባት ሴት ዳዶውን መፍታት አቅቷት ፀሐይ ላይ ብትቆም፣ ጥፋቱን ከሁለት ወር በፊት ካጠበቀው ሰው ጋር የሚያገናኘው የለም። የአጎቴ እጅ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ግን ትምህርት ቤቱ አንዱን ስህተት ብቻ የሚቀጣ፣ ሌላውን በዝምታ የሚያሳልፍ ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚያስመርቀው እጅ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ በየጊዜው አንድ ዓይነት የሚሠራ፣ በየጊዜውም በአንድ ዓይነት የሚስት።

ዳንኤል ካነማን እና ጋሪ ክላይን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ2009 እ.ኤ.አ. አብረው አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ካነማን የሰውን ደመ ነፍስ የሚጠራጠር፣ ክላይን ደግሞ የባለሙያን ደመ ነፍስ የሚያደንቅ ነበር፤ ተቃራኒ ናቸው ተብለው የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። የተስማሙበት ነጥብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የባለሙያ ስሜት የሚታመነው ሥራው የራሱ ሥርዓት ሲኖረውና፣ ሰውየው የፈረደው ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን በግልጽ እየተነገረው ሲማር ነው። አንድ ሰው በስሜቱ ያለው እርግጠኛነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እናቴ ጨው በእጇ ነው የምትለካው፤ ማንም ማንኪያ ያዢ አላላትም። ወጡ ቢጨው እዚያው ምሳ ላይ ይታወቃል፤ ደግሞም ከመሶቡ ዙሪያ እሷም ተቀምጣለች። ክራር ደርዳሪውም እንደዚያው ነው። ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ግን ስለ ሥራው የሚነገረው ግማሹን ብቻ ነው፤ መኪናው ሲሄድም እሱ ውስጡ የለም።

ይህ ወዴት እንደሚወስደን ሳስብ ዊልያም ክሊፎርድ ትዝ ይለኛል። እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ በ1877 እ.ኤ.አ. ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሰቱ አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣል። መርከቡ አሮጌ ነው፤ ጥገና ሳያስፈልገው አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ይመጣበታል። ሰውየው ግን «ስንት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች!» እያለ ጥርጣሬውን ያባርርና፣ ከልቡ አምኖ፣ መንገደኞችን ጭኖ ይልካታል። መርከቧ ትሰጥማለች። ክሊፎርድ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ከልቡ ማመኑ አያድነውም፣ ምክንያቱም በያዘው ማስረጃ ያንን የማመን መብት አልነበረውም። ይህ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው። ከባዱ ቀጥሎ የሚለው ነው፦ መርከቧ በሰላም ብትደርስም ኖሮ ጥፋቱ ያው ነበር፤ የሚለወጠው አለመታወቁ ብቻ ነው።

«ጎማው ወልቆ አያውቅም እኮ» የሚለው መከራከሪያ ክሊፎርድ ፊት አይቆምም። ግን ፍርዱን አጎቴ ላይ እንዲሁ መጫን አልችልም። የመርከቡ ባለቤት ጥርጣሬ ነበረው፤ ጥርጣሬውን ራሱ አፈነው። አጎቴ ግን ምን ይጠርጥሩ? የሚያስጠረጥር ወሬ ደርሷቸው አያውቅም። ለእኔ ጥፋት የሚጀምረው መርፌው 140 ላይ ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ እሁድ በፊት «እጄ ያውቃል» ማለት የዋህነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው አረፍተ ነገር ሌላ ነገር ይሆናል፤ ምርጫ ይሆናል። ማወቅ ዕዳ ያመጣል። ይህ ደስ የሚል ሐሳብ አይደለም፤ ምክንያቱም መርፌውን ያላየ ሰው ከሁላችንም ንጹሕ ሆኖ ይቀራልና፣ ላለማየት የሚያበረታታ ይመስላል። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ምናልባት ለማየት ዕድሉ ቀርቦለት ዞር ያለ ሰው ካየው ጋር ይቆጠር።

በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያን መደበቂያ ማድረግ አለ። ሰኔ 10 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከ17,000 ጫማ በላይ ላይ ሳለ የፊት መስታወቱ ተገንጥሎ ሄደ። ዋና አብራሪው ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተስቦ ወጣ፤ ሠራተኞቹ እግሩን ይዘው አቆዩት። ረዳቱ አውሮፕላኑን አሳረፈው፤ አብራሪውም ጭምር ሁሉም ተረፉ። ምርመራው ያገኘው ይህን ነበር፦ መስታወቱ ገና መለወጡ ነው፤ ከገቡት 90 ቡሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር። የለወጠው ሰው ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነበር። ቡሎኖቹን የመረጠው የዕቃ ዝርዝር መጽሐፉን ገልጦ ሳይሆን፣ ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነው። ይህን ታሪክ «ያው፣ በዓይን መገመት እንዲህ ያደርጋል» ብለው የሚተርኩት ብዙዎች ናቸው። የሚተዉት ግን አለ፦ ሰውየው ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ የማጥበቂያ ልክ ገዳቢ መፍቻ ይዞ ነበር። መፍቻው ልኩን ይጠብቅ እንጂ፣ «ይሄ ቡሎን ትክክለኛው ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ነገር በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ሶፍትዌር ስንጽፍ ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ እንጽፋለን፤ ሁሉም ሲያልፍ አረንጓዴ ይበራል። አረንጓዴው የእኛ «ቀጭ» ነው። ያንን ካየ በኋላ አብዛኛው ሰው ማሰብ ያቆማል። ፈተናው የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነበር ወይ ብሎ የሚመለስ ጥቂት ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ፈተና አያስፈልግም፣ ጎበዝ ሰው ይበቃል» የሚል ባልደረባ ሲገጥመኝ የአጎቴ 140 ትዝ ይለኛል። ጎበዝ ሰው የሚሳሳተው እንደ ሰነፍ ተበታትኖ አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ራሱ አያየውም።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይህን በቁም ነገር ነው የምወስደው። በዚሁ ከተማ፣ ቦሌ የአየር መንገዱ ጥገና ውስጥ፣ ቶርክ ሬንች የሥራው ግዴታ ነው፤ መሣሪያው ራሱም በየጊዜው ይለካል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ሌላ ካልተወሰነ በየ12 ወሩ ወይም በየ5,000 አጠቃቀሙ እንዲፈተሽ ይላል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ መንገድ ዳር የሚሠራው ልጅ ኮምፕረሰር፣ ክሪክና መፍቻ ይዞ ነው የሚያድረው። ለአንድ ጎማ ከሚቀበለው ላይ ቀንሶ መሣሪያ እንዲገዛ፣ ገዝቶም በየዓመቱ እንዲያስፈትሽ መጠየቅ ምቾት ካለው ሰው አፍ የሚወጣ ሐሳብ ነው። ቁጥሩም ቢሆን ከየት ይምጣለት? አሮጌ ቪትዝ አገር ውስጥ ይገባ በነበረበት ጊዜ መኪናው ይመጣ ነበር፣ መጽሐፉ አይመጣም ነበር፤ ቢመጣም ብዙ ጊዜ በጃፓንኛ ነበር። ሰውን ባልተነገረው ቁጥር መክሰስ አይቻልም።

ስለዚህ ግዴታው መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩን ማግኘት በሚችለው ላይ ነው ባይ ነኝ፤ በባለ መኪናው፣ ትልልቅ ጋራዥ ባላቸው፣ መኪና አስመጥተው በሚሸጡት፣ ሚኒባስ በሚያሰማሩት። በተለይ በመጨረሻዎቹ። የራሴን መኪና በግምት ባጠብቅ የራሴን ነገር አበላሸሁ ልል እችል ይሆናል፣ ያውም መንገዱ ላይ ሌላ ሰው ከሌለ ነው። ሚኒባስ ግን ተሳፋሪዎች አሉት፤ አንዳቸውም ዳዶውን አላዩም፣ ማየትም አይችሉም። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን የሻጩ ክንድ ማጠር የገዢው ዕዳ ነበር፤ ገዢው ግን ቢያንስ ክንዱን ቆሞ ያየዋል።

ባለ መኪናው ቁጥሩን አገኘ፣ ቶርክ ሬንችም ገዛ እንበል። ከዚያ የሚመጣው ችግር እኛ ዘንድ ከገንዘቡ ይብሳል፦ ይሉኝታ። ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠበቀውን ዳዶ ፊቱ ቆሞ እንደገና መለካት ይከብዳል። «አላመንኩህም» ማለት ይመስላል። ብዙ ሰው መሣሪያውን ገዝቶም ከመኪናው ኋላ የማያወጣው በዚህ ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ ይሉኝታን አሸንፈነዋል፤ ብር ላይ። ብር የሚሰጠን ሰው ራሱ «ቁጠረው» ይለናል፤ ወንድማችንም ቢሆን ፊቱ እንቆጥራለን፣ ማንም አይቀየምም። መቁጠሩ ስለ ሰውየው ምንም እንደማይናገር ሁላችንም ተስማምተናል። ይህን ስምምነት ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ግን የሆነ ጊዜ መጀመሪያ የቆጠረ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ «ቁጠረው» ያለም።

በቅርቡ ከአዳማ ስመለስ ዱከም ላይ ጎማ ተንፍሶብኝ አንድ ወጣት ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ሠርቶ ሲጨርስ በአየር በሚሠራው መፍቻ «ጥርርር» አድርጎ አጠበቀው። መኪናው ከክሪክ ሲወርድ መሣሪያዬን አወጣሁ።

«ምነው ወንድሜ፣ አላመንከኝም እንዴ?» አለኝ።

«እንደ ብር ቁጠረው» አልኩት። ሳቅ አለ፤ ቀረብ ብሎም ቆመ። ቶርክ ሬንቹን 103 ላይ ሞልቼ ዳዶው ላይ ሳሳርፈው፣ ሳይንቀሳቀስ ወዲያው «ቀጭ» አለ።

«ይኸው! ልክ ነው አይደል?»

«ቢያንስ 103 ነው ማለት ነው። 200ም ሊሆን ይችላል፤ ይሄ መሣሪያ ያለፈውን አይናገርም። አላልተህ እንደገና ነው።» ዳዶውን አላላሁት፤ ለመፍታት የወጣብኝን ጉልበት አይቶ ፊቱ ተለወጠ። እንደገና አጠበቅኩት፤ «ቀጭ»። ሁለተኛው ላይ ስደርስ «አምጣው እስቲ» ብሎ ተቀበለኝና የቀሩትን ሦስቱን በመስቀል አፈራርቆ ራሱ ጨረሰ። በየ«ቀጩ» ቀና ብሎ ያየኛል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ አንዴ ደግሜ እንደማየው ነገርኩት፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ትንሽ ሊለቅ ይችላልና።

«ለአይሱዙስ ስንት ነው?» አለኝ፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና እያሳየኝ።

«አላውቀውም። ሞዴሉን ንገረኝና ፈልጌ እልክልሃለሁ።»

ስልኩን ሰጠኝ። ሂሳቡን ከፍዬ መኪናው ውስጥ ስገባ፣ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ በጠመኔ «ቪትዝ 103» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ «አይሱዙ» ብሎ ቁጥሩን ባዶ ትቶት ነበር።